ድምፁን የሸጥነው ወፍጮ

አዲሱ የናፍጣ ዋጋ በሬዲዮ የሚነገረው ወር ሊያልቅ ሲል ነበር። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት የሸዋ ሮቢት ማደያዎች «አልቋል» ይላሉ፤ ዋጋው በተነገረ ማግስት ያለቀው ናፍጣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መቀዳት ይጀምራል። አባቴ በዚህ አይቆጣም ነበር። ጀሪካኖቹን ተሸክሞ ይሰለፋል፤ ተራው ሲደርስ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን ለሰላምታም አይቆምም።

ወፍጮ ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። የናፍጣ ሞተሩ በዕድሜ ይበልጠኛል። አባቴ ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ የዱቄት ወተት ጣሳ አስሮበት ስለነበር፣ ሲነሳ «ኩክ ኩክ ኩክ» እያለ ቆላውን ያዳርሳል። ማዶ ያሉት ሴቶች ማሽላቸውን አበጥረው ያንን ድምፅ ይጠብቃሉ። ሲሰሙ አህያ ይጭናሉ፤ ካልሰሙ የሚነሳ የለም። እኔ አስረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ከዚያች ከተማ የምወጣበትን መንገድ እያሰብኩ ሚዛኑ ጋ ተቀምጬ እህል እመዝን ነበር። ግጥም ስጽፍ ስንኙን የምለካው በጣሳው ምት ነበር።

የናፍጣው ዋጋ መጨመሩን ሲቀጥል አባቴ ያልሞከረው የለም። የማስፈጫውን ዋጋ ትንሽ ከፍ አደረገ፤ ሴቶቹ እህሉን አሳንሰው አመጡ፤ የቀረውን ቤታቸው በድንጋይ ወፍጮ ፈጩት። ሞተር ብዙ የሚጠጣው ሲነሳ ነውና «ወረፋው ሳይሞላ አላስነሳም» አለ። ግን ሞተሩ ካልተነሳ አይሰማም፤ ካልተሰማ ደግሞ ወረፋ አይሞላም። አንድ መካኒክ «ላምባ ቀላቅሉበት ጋሼ፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው» ብሎ መከረው።

«ሞተርም ሆድ አለው» አለ አባቴ። «ዛሬ ያበላሁትን ነገ ይተፋብኛል።»

በመጨረሻ ሞተሩን ሸጦ በመብራት የሚሠራ ለመግዛት ቆረጠ። ድምፅ እንደማይኖረው ያውቃል። «መብራት በየቀኑ አለ» አለን፤ «በየቀኑ ክፍት የሆነ ቤት ሰው አይጠራም፤ ሰው ራሱ ይመጣል።» ሒሳቡ ልክ ነበር። እናቴ እንኳን የምትቃወመው አጣች።

ገዢው ከማጀቴ ከተማ በኩል የመጣ ሰው ነው፤ ለመስኖ ውኃ መሳቢያ እንደሚፈልገው ነገረን። አባቴ ሞተሩን በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ወለወለው። ጣሳውን ልፈታው ስል እጄን ያዘኝ።

«ተወው። አብሮት የኖረ ነው።»

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና ነበሩ። አዲሱ ሞተር እንደ ንብ ጥዝ ይላል እንጂ ድምፁ ከደጃፉ አያልፍም። ከዚያ የመብራት ፈረቃ መጣ፤ አንድ ቀን ለእኛ፣ አንድ ቀን ለሌላው ሰፈር። ቆየና ፈረቃውም ፈረቃነቱ ቀረ። መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚሄድ የሚነግረን ጠፋ። በዚያው ሰሞን ሬዲዮው የናፍጣ ዋጋ መቀነሱን ተናገረ። አባቴ ዜናውን እስከመጨረሻው ሰማ፤ ከዚያ ሌላ ጣቢያ ሌላ ዋጋ የሚናገር ይመስል ማዞሪያውን ሲያሽከረክር ቆየ።

ከወንዙ ማዶ የምትመጣ አንዲት የረጅም ዘመን ደንበኛ ነበረችን። ምላሷ ስለት ነው። አንድ ረፋድ ሁለት አህያ ማሽላ ነድታ መጣች፤ መብራት የለም።

«ጋሼ፣ ወፍጮዎ ዲዳ ሆነ እንዴ? ወላሂ ሞቶ ከሆነ ይንገሩንና ለቅሶ እንድረስ።»

«የመብራት ነው እትዬ። የመብራት አይጮህም።»

«የማይጮህ አውራ ዶሮማ ለድስት ነው!»

አባቴ ሳቀ። ወረፋ ላይ የነበሩት ሁለት ሴቶችም ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ልጆቼ ትናንትም ቆሎ በልተው ነው ያደሩት» አለችና ያልተፈጨውን ማሽላ እንደተጫነ አህዮቿን እየነዳች ተመለሰች።

አባቴ ያን ቀን አሮጌ የመኪና ቸርኬ ፈልጎ አመጣና ደጃፋችን ባለው ግራር ላይ ሰቀለው። መብራት ሲመጣ ሮጦ ወጥቶ በብረት ይቀጠቅጠዋል። ድምፁ ማዶ ይደርሳል፤ ሴቶቹም ይጭናሉ። ግን ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ሲጨርሱ መብራቱ ሄዷል። እንዲህ እየሆነ ከረመ። ላብ ያጠመቃቸው ሴቶች ደጃፋችን ላይ ቆመው ቸርኬውን ሲያዩት አባቴ ወደ ውስጥ ይገባና ወንፊት የሚፈልግ ይመስላል። አንድ ቀን መብራት መጣ፤ ብረቱን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«አይመቱትም?» አለችው እናቴ።

«ሰውን መዋሸት ሆነብኝ።»

ከዚያ በኋላ የምንፈጨው ለጎረቤት ብቻ ሆነ። ሚዛኑ ላይ ድመት ትተኛበት ጀመር።

በበልጉ መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ ከወንዙ ማዶ «ኩክ ኩክ ኩክ» የሚል ድምፅ ሰማን። ጣሳ የሚያስር ወፍጮ ሌላም አለ፤ ግን የእኛው ጣሳ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ስለነበር ከሦስት አንዱን ምት ያንቀዋል። ያም ይታነቅ ነበር። የማጀቴው ሰው ለሌላ ሸጦት ይሁን፣ መስኖው አልሆንለት ብሎ ራሱ ተክሎት ይሁን አልጠየቅንም።

ትንሽ ቆይቶ ያቺ ደንበኛችን ከከተማ በባዶ አህያ ስትመለስ በደጃፋችን አለፈች። ዓይኗን ከአህያዋ ጆሮ ላይ አላነሳችም። «አሰላሙ አለይኩም ጋሼ» ብላ አለፈች፤ ቀልድ አልጨመረችበትም። ያ ከስድብ ሁሉ የከበደኝ ነው።

አባቴ ጆሮውን ወደ ማዶ አዘንብሎ ነበር። ድምፁ ቆመ፤ ቆየት ብሎ እንደገና ተነሳ፤ ደግሞ ቆመ።

«ወረፋው ሳይሞላ ነው የሚያስነሱት» አለ። «ናፍጣ ይጨርሱበታል።»