የቱላዋ መኪና

ቅዳሜ ንጋት፣ አዳማ

እኔና አባዬ ከቤት ስንወጣ ገና አልነጋም። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ እስከ በር ሸኘችን፤ "ስትመለሱ አትብረሩ፣ አዲስ መኪና ነው ብላችሁ" አለችን። አዲስ አይደለም። ጃፓን ተሠርቶ፣ ዱባይ ለዓመታት ተነድቶ፣ በጅቡቲ በኩል የገባ ፎርዊል ነው። ቀረጡ ራሱ መኪናውን ያህላል እየተባለ በሚወራበት አገር ግን አሮጌም ቢሆን ወደ ቤት የሚገባ መኪና አዲስ ነው የሚባለው። አንደኛዋ መኪናችን አባዬ ኮንትራት የሚሠራባት ትንሿ አውቶሞቢል ናት። አስፋልት ላይ እሷን የሚያህል ታማኝ የለም፤ ጭቃ ካየች ግን አለቀላት።

ሐዋሳ የሚወስደን ይኸው የጭቃ ነገር ነው። ታላቅ እህቴ ሰናይት ከአሰላ ወዲያ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ገና ብዙ በሚኬድበት ገጠር ታስተምራለች። ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው ክረምት ላይ፣ ልትወልድ ወደ እኛ ስትመጣ፣ አውቶቡሱን ጭቃ ይዞት መንገድ ላይ ካደረች በኋላ ነው። ዘንድሮም ሰኔ ማለቂያ ላይ ፈተና ሳይጠናቀቅ አትለቀቅም፣ ያን ጊዜ ደግሞ መንገዱን አውቶቡስ አይደፍረውም። አባዬ "በገዛ እጄ አመጣታለሁ" ብሎ ምሏል። አሁን ግንቦት ነው።

መኪናውን ያገኘልን ደላላው ጌታሁን ነው። ባለቤቱ ሐዋሳ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው፣ ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ የሆነ አቶ ደምሴ የሚባሉ ሰው ናቸው። ጌታሁን ገና ከመጀመሪያው ቀን አባዬን መከረው፤ "ጋሼ፣ የሚፈልግ ሰው አይምሰሉ። እርስዎ ስልክ ላይ ይጮኻሉ፣ የቸኮሉ ያስመስልብዎታል። ልጅቷ ትደውል። ድምጿ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ብትገዛም ባትገዛም ግድ ያላት አትመስልም።" ዓይን አፋርነቴ ለአንድ ነገር ሲጠቅም ይህ የመጀመሪያው ነው።

እናም ስደውል ከረምኩ። "እናስብበታለን" እላለሁ። "ሌላም መኪና አይተናል" እላለሁ፤ ያየነው አልነበረም። አቶ ደምሴ ሞቅ ባለ ድምፅ "አስቡበት ልጄ፣ እኔም አልቸኩልም" ይሉኛል። ዋጋው ዝቅ እያለ መጣ። ረቡዕ ዕለት "እንግዲህ ቅዳሜ ኑና እዩዋት" አሉኝ። ከሐሙስ ጀምሮ ስልካቸው ዝግ ሆነ።

አባዬ ሳቀ። "ሊያስጨንቀን ነው! እሱም ደላላ አለው ማለት ነው። አሁን ከሄድን ተሸነፍን።"

እናቴ አልሳቀችም። "ሰናይትን ጭቃ ላይ አስቀምጠህ ነው የምታሸንፈው? ሂዱ" አለች። ሄድን።

ረፋድ፣ ወደ ደቡብ

የተሳፈርነው ቅጥቅጥ ከሞጆ ወደ ግራ፣ ሐዋሳን ይዞ ታጠፈ። ሰማዩ ከነጋም በኋላ አልነጋም፤ ግራጫ ነው። ዳር ላይ "እድገትና ትራንስፎርሜሽን" የሚል ትልቅ ሰሌዳ፣ ከሥሩ የተኙ ፍየሎች። መቂ፤ በእንጨት ሣጥን የተደረደረ ቲማቲም፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ ከአይሱዙ ጎን የሚጨቃጨቁ ነጋዴዎች። ዝዋይ ላይ ሻይ ሁለት ብር፣ ቦምቦሊኖ ሁለት ብር። ቦምቦሊኖው የትናንት ነው።

አባዬ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አብሮ ይነዳል። ከፊታችን አህያ በገባ ቁጥር እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ሾፌሩ ብዙ ታገሠውና በመጨረሻ "አባት፣ ፍሬኑ እኔ ጋ ነው ያለው" አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ያንተን ፍሬን አላመንኩትማ!" አለ አባዬ።

"ለሱ ነው ወለሌን የሚበሱብኝ? የራስዎን መኪና ይግዙና ይብሱ።"

"ልገዛ ነው የምሄደው። ስመለስ በጎንህ አልፍሃለሁ፣ ጠብቀኝ።"

አባዬ እንዲህ ሲጫወት ካየሁት ቆይቷል። አርሲ ነገሌ ላይ በመንገዱ ዳር የተደረደረውን ከሰል እያየሁ በሆዴ የማወራውን እለማመዳለሁ። መኪናውን ስናየው ፊቴ ላይ ምንም እንዳይነበብ። ጎማውን አይቼ ዝም እንድል። ሻሸመኔ ላይ ዝናብ ጀመረ።

እኩለ ቀን፣ ሐዋሳ

ከተማው ጽዱ ነው፣ ዛፉ ብዙ፣ መንገዱ ሰፊ። መናኸሪያው በር ላይ ባጃጆች ከበቡን። አባዬ ከአንዱ ጋር ለቱላ ስልሳ ብር ተባብሎ በሃምሳ ጨረሰ። ወጣቱ ሾፌር መሃል ከተማን እስክናልፍ ድረስ በጎኑ ከሚያልፉ ጓደኞቹ ጋር በሲዳምኛ ሲቀላለድ ቆየና፣ ቱላ ስንቃረብ ወደ እኛ ዞረ።

"የማን ቤት ነው?"

"የአቶ ደምሴ። ነጋዴው" አለ አባዬ።

ልጁ ሙዚቃውን አጠፋ። "አይዟችሁ። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ከትናንት ጀምሮ ሳመላልስ ነው። ዘመድ ናችሁ?"

አባዬ ኮፍያውን አወለቀ። ባጃጁ ጭቃ ውስጥ እየዋዠቀ ሲሄድ የምሰማው የሸራውን መርገፍገፍ ብቻ ነው። የእድሩ ድንኳን አጥሩ በር ላይ ተጥሏል። አባዬ ልጁ ቀድሞ የጠየቀውን ስልሳ ብር ሰጥቶት ወረደ።

"እንመለስ አባዬ?"

"ደርሰንማ አንመለስም። ገብተን እናለቅሳለን።"

መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ከድንኳኑ ገመዶች አንዱ የታሰረው ከፊት መከላከያዋ ጋር ነው። አባዬ ሳይፈልግ ዓይኑ ጎማዋ ላይ ሲያርፍ አየሁት፤ እኔም በመስኮቷ ወደ ውስጥ አየሁ። የኋላ ወንበሯ ላይ ትራስና የታጠፈ ብርድ ልብስ አለ።

ወንዶቹ መካከል ተቀመጥን። ንፍሮ በትንሽ ሳህን ሰጡን። ከጎናችን የነበሩት ሽማግሌ፣ ጎረቤት መሆናቸው ነው፣ ወደ አባዬ ጠጋ አሉ።

"ከሩቅ ነው የመጣችሁት?"

"አዎ፣ ከሩቅ።"

"እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሰው የሚወድ ሰው ነበር። ልቡን ነው። አዲስ አበባ ሄዶ እንዲታከም ተነግሮት ነበር፤ የሱቁ ገንዘብ ዕቃ ላይ ውሏል፣ ይቺን መኪና ሸጦ ሊሄድ ነው። ገዢው አንድ የአዳማ ሰው ነው አሉ። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ እያለ አጓተተው። ሐሙስ ጠዋት ጠናበት፣ ሌሊቱን ዐረፈ፣ ትናንት ቀበርነው።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለመሆኑ ከየት አላችሁኝ?"

አባዬ የያዘውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰ።

"ከአዳማ" አለ።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ በር አዞሩ። "አዳማ ትልቅ ከተማ ነው" አሉ።

ውስጥ፣ ሴቶቹ ጋ

ሴቶቹ ያሉት ሳሎን ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኩ። ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

"ድምፅሽን አውቀዋለሁ።"

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"የምትደውዪው አንቺ ነሽ። የአዳማዋ ልጅ።"

"አዎ" አልኩ። ሌላ ሰው የሰማ አይመስለኝም።

"ተቀመጪ።" ከፍራሹ ጠርዝ ፈቀቅ አሉልኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ፤ ብቻ ደክሟቸዋል። "ስልኩን ጆሮው ላይ መያዝ ይደክመው ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጌ አልጋው ላይ አስቀምጥለታለሁ። አንቺ መሆንሽን ሲያይ ቀና አድርጉኝ ይላል። ውሃ ይጠጣል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ከዚያ ነው አንሺው የሚለኝ።"

"ለምን?"

"እንዳታውቁበት ነዋ! የታመመ ሰው መሆኔን ካወቁ ዋጋውን ይጥሉብኛል እያለ። ደህና ነዎት ትይዋለሽ፣ እጅግ ደህና ይልሻል። ስልኩ ሲዘጋ ተመልሶ ይተኛል። 'ታምሜያለሁ በላቸው፣ ሰው ናቸው' አልኩት። እምቢ አለ።"

ብትነግሩን ኖሮ ያኔውኑ እንከፍል ነበር ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እውነት መሆኑን ግን እርግጠኛ አልሆንኩም። ጌታሁን ቢሰማ ኖሮ ምን እንደሚለን አውቃለሁ፤ "ጥሩ ነው፣ ትንሽ ጠብቁት፣ ይለሳል" ነበር የሚለው። እኛም አንዳንድ ጊዜ የሚለንን እንሰማው ነበር።

"አንቺ ደግሞ" አሉ፣ "መኪናዋ ብትኖርም ባትኖርም ግድ እንደሌላት ሰው ነበር የምታወሪው። እሱ 'ይቺ ልጅ ቅምጥል ናት፣ ለሽርሽር ነው የፈለገቻት' ይለኝ ነበር። ለምንድን ነበር የፈለጋችኋት?"

የሰናይትን ነገር ነገርኳቸው። ጭቃውን፣ የሞተውን ልጅ፣ የዘንድሮውን ሰኔ። ይህን ያህል ለማላውቀው ሰው አውርቼ አላውቅም። ስጨርስ ወይዘሮ አልማዝ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ይህን ብትነግሪው ኖሮ" አሉ በመጨረሻ፣ "ሽያጩ እስኪያልቅም አይጠብቅም ነበር። መኪናዋን ከነሾፌሯ ይልክላት ነበር። እንደሱ ያለ ሰው ነበር እኮ።"

የባላቸውን ወንድም አስጠሩና በጆሯቸው ነገሯቸው። ዓይናቸው ያበጠ፣ ጢማቸውን ያልተላጩ ሰው ናቸው። አባዬ በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል።

"ልጆቹ ወራሽነት ከፍርድ ቤት ሳያወጡ መኪናዋ አትነካም፣ ስሟም አይዞርም" አሉት ወንድምየው። "ለሰኔ አትደርስም።" ቀጥለውም "ደግሞም ዛሬ ስለ መኪና አናወራም" አሉ።

"ልክ ነው" አለ አባዬ። "ልክ ነው፤ ይቅርታ።"

ከሰዓት፣ ሐይቅ ዳር

የአዳማው መኪና እስኪሞላ ሐይቅ ዳር ወጣን። ዓሣ አዘን አልበላንም። ዝናቡ አቁሟል፤ ውሃው የሰማዩን ግራጫ ይዟል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ራሰ በራ ሆነው የዓሣ አጥንት ይጠብቃሉ። ከጎናችን ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ።

"ሐሙስ ስልኩ ሲዘጋ ምን ነበር ያልኩት?" አለኝ አባዬ።

"ሊያስጨንቀን ነው አልክ።"

"ሳቅሁ አይደል?"

"ሳቅህ።"

መኪናው ሞልቶ ተነሣን። ቅጥቅጡ ላይ ከኋላ ተቀመጠ፤ አህያም ሲገባ፣ ከብትም ሲገባ፣ እግሩ አልተንቀሳቀሰም። መቂ አካባቢ ጌታሁን ደወለ። ሞጆ ላይ ሌላ ፎርዊል ተገኝቷል፣ እሱም ከዱባይ ነው፣ ባለቤቱ እስከ ሰኞ ብቻ ነው የሚጠብቀው። "ግን እንዳትቸኩሉ" አለ። ስለ ቱላ አልነገርኩትም።

አመሻሽ፣ አዳማ

እናቴ የግቢውን በር ሁለቱንም መዝጊያ ከፍታ፣ ትንሿን አውቶሞቢል በጎረቤት አስገፍታ ጥግ አስይዛ፣ ለአዲሱ መኪና ቦታ አዘጋጅታ ጠበቀችን። በዚያ ሰፊ በር በእግራችን ገባን። አባዬ ዞሮ አንዱን መዝጊያ ዘጋው፤ ከዚያ ሁለተኛውን።

የሆነውን ነገርናት። ደረቷን መታች፤ ለማታውቃቸው ሰው አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ "ሰናይትስ?" አለች።

ለሞጆው ሰው ደወልኩ። ስልኩን እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሰውየው ዋጋውን ነገረኝ። እንደ ወትሮው "እናስብበታለን" ማለት ነበረብኝ።

"ለእህቴ ነው" አልኩት። "ነፍሰ ጡር ናት። ያለችበት መንገድ በሰኔ ይዘጋል። በጣም ያስፈልገናል።"

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ምን ነካሽ! ይነገራል እንዴ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ተያት" አለ አባዬ።

"እግዚአብሔር በሰላም ይገላግላት" አለ ሰውየው። ከልቡ ይመስላል። ከዚያ "ያልኩሽ ዋጋ ግን ለጌታሁን ባለፈው ሳምንት የነገርኩት ነው፣ አሁን ሌላም ፈላጊ አለ" ብሎ ሃያ ሺሕ ብር ጨመረ።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። አባዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ ቆየ፤ ከዚያ እጁን ማይኩ ላይ ጋርዶ "እሺ በይው" አለኝ። "መጀመሪያ ግን ደህና መሆኑን ጠይቂው። ለሰላምታ ያህል አይደለም፤ የእውነት ጠይቂው።"

"ጋሼ" አልኩ፣ "ጤናዎ እንዴት ነው? የእውነት ነው የምጠይቅዎት።"

ሰውየው ሳቀ።

"ጤናዬ ምን ሊያደርግላችሁ ነው?" አለ። "የምትገዙት መኪናውን አይደል?"