አልጋ ቁጥር አራት

ሥራ ለምትጀምሩ ነርሶች አንድ ምክር አለኝ፤ መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት ስም ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም።

ደብረ ማርቆስ ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ «አልጋ ቁጥር አራት ላይ ላሉት እናት ግሉኮስ ስቀይላቸው» አለችኝ። ሄድኩ። አንዲት እናት ጋቢ ለብሰው ተኝተዋል። ክንዳቸውን አስሬ መርፌውን ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያው ደም ሥሩን ሳተው። ሁለተኛውም ሳተ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። እሳቸው ግን «አይዞሽ የኔ ልጅ» ብለው ሌላኛውን ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። በሦስተኛው ገባ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ግሉኮሱን ልቀጥል ስል ሌላ ሴትዮ ግድግዳ ተደግፈው እያዘገሙ መጡ።

«እህቴ፣ ፀሐዩ በቃኝ፤ አልጋዬን ልቀቂልኝ» አሉ።

ክው አልኩ። «በሽተኛዋ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው የተኙትን።

«ኧረ እኔ አስታማሚ ነኝ! ከአምበር ይዣት መጥቼ ጎኔን ላሳርፍ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ስወጋዎት ለምን ዝም አሉ?»

«እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁዋ! እሷ አቅም የላትም፣ መጀመሪያ እኔ ላይ ትልመድ ብዬ ነው» አሉና ከአልጋው ወረዱ። «አሁን እጅሽ ረግቷል፤ በይ የሷን ውጊ።»