ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ የሐይቅ ጭቃ

የእህቴ የሰርኬ ሥራ ጭቃ ነው። ይህን ለሰው ስናገር ሸክላ የምትሠራ ይመስላቸዋል፤ ማስረዳቱ ራሱ ሰልችቶኛል። ከሐይቅ ወለል በረጅም ቱቦ ጭቃ አውጥታ፣ በውስጡ ያለው ብረት የትኛው ማዕድን እንደሆነ ትለያለች። በብርድና በዝናብ አገር ሐይቅ ብረት የሚይዘው መልክ ሌላ፣ በበረሃ ሌላ ነው። ያንን የለየ የጥንቱን አየር ጠባይ ያውቃል ትላለች።

ጠላቷ አየር ነው። ከሐይቅ ሥር የወጣ ጥቁር ጭቃ አየር ካገኘው ብረቱ ይዝግና የነበረው ማዕድን ይጠፋል። ስለዚህ በከረጢት አሽጋ ታቀዘቅዘዋለች። መለኪያው መሣሪያ ያለው ውጭ አገር ነው፤ ዓመት ሙሉ ስትለምን ኖራ በቀደም "ላኪ" ተባለች። በዚያው ሳምንት የቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ተቃጠለ። ምን ታድርግ? የባሌውንና የአፋሩን ጭቃ በታክሲ ታቅፋ ቀራንዮ እናታችን ቤት ወሰደች፣ ፍሪጅ ውስጥ ከተተች፣ "እንዳይበላሽብኝ፣ አደራ" ብላ የመላኪያ ፈቃድ ልታስጨርስ ሮጠች።

እናታችን አደራ አትበላም። መብራት ጠፋ፤ በማግስቱም አልመጣም። ፍሪጁ ሞቀ፣ ጭቃው ሸተተ። እንዳይበላሽ የተባለ ነገር እንዴት እንደሚተርፍ ደግሞ ማንም አይነግራትም፤ በርበሬውም ድርቆሹም ፀሐይ ላይ ደርቆ ነው የኖረው። ከረጢቶቹን ቀድዳ ጭቃውን ዝቅ ባለው የማድቤት ቆርቆሮ ላይ፣ የባሌውን ለብቻ የአፋሩን ለብቻ፣ አሰጣችው።

እኔና ሰርኬ ስንደርስ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በወንፊት ተነፍቶ በሁለት ጎድጓዳ ሳህን ጠበቀን። ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ዝገት።

"ጠጠሩንም ለቅሜልሻለሁ" አለች እናታችን።

ሰርኬ ደፍ ላይ ተቀምጣ በንዴት አለቀሰች። እኔም በገንኩ፤ በመብራቱ፣ በተቃጠለው ማቀዝቀዣ፣ የገዛ ጭቃችንን እንኳ ሰው አገር ልከን ማስለካታችን ሁሉ አንገበገበኝ። እናታችንን ግን በምን አፌ ልቆጣት?

ነገሩን ቀስ ብዬ ሳስረዳት ሰርኬን አየቻት።

"ይኼን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ጭቃ እንዳይደርቅ ለመጠበቅ ነው?"

"አዎ እማዬ፤ ለሱ ነው።"

እናታችን ጓዳ ገብታ በጆግ ውሃ ይዛ መጣች፣ አንደኛው ሳህን ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችና ታሸው ጀመር።

"ይኸው፣ እንደነበረው አደርግልሻለሁ" አለች ቀና ሳትል። እጇ እስከ አንጓዋ ቀይ ሆኗል።