አክስቴ ተነሥተው የተቀበሏቸው ሰዎች

አክስቴ በኬንያዋ ሞያሌ፣ ቤት አልባ ሰዎችን በሚያስጠልል ድርጅት የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ነበሩ። ማደሪያ ፈልጎ የመጣን ሰው መዝግበው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው የሚከታተሉት እሳቸው ነበሩ። ማንም ይግባ ማን፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ አይቀበሉም ነበር።

አንድ ምሽት እራታቸውን ላደርስ ስሄድ፣ ድርቅ ከብቶቻቸውን የፈጀባቸውን ኦቦ ከሚባል መንደር የመጡ አንዲት አዛውንት ያነጋግራሉ። የድርጅቱ ኃላፊ፣ ያ ጉረኛ፣ በስዋሂሊ ዋጌኒ የሚላቸውን እንግዶች አስከትሎ ገባ።

"ዋጌኒ መጥተዋል፤ አሮጊቷን አስወጫት!"

"ተራ ይያዙ። እማማ ቀድመው ነው የመጡት" አሉት አክስቴ።

"ለለማኝ እየተነሣሽ እኛን ትንቂያለሽ?"

"ቤት አጡ እንጂ አልለመኑም። አንተም ቁጭ በል፣ ወንበር አለ።"

አዛውንቷ በዚያው ምሽት አልጋ አገኙ። ለአክስቴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። አንብበው "ስሜን እንኳ አሳስቶ ጽፎታል" ብለው ሳቁ።

አክስቴ ሲሞቱ፣ በቀብራቸው ዕለት ያው ኃላፊ "እናታችን!" እያለ ደረቅ ዓይኑን በመሐረብ ሲጠርግ ዋለ። ሳምንት ሳይሞላ የማታውን ፈረቃ ሰረዘው። አሁን ሲመሽ በሩ ይቆለፋል፤ ሰዉ አጥር ሥር ያድራል።

ሰሞኑን ደግሞ ሳያፍር ደወለልኝ።

"ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ እህቴ። የአክስትሽን ፎቶ ላኪልኝ፤ ቢሮ ውስጥ እንሰቅለዋለን።"

"ማን እንዲያየው? ማታ ማታ በሩን ክፈትና እኔው ይዤልህ እመጣለሁ" አልኩት።

እስካሁን አልከፈተም።