የሞተር ጠምጣሚው ልጅ ዲግሪ

ሰፈሩ ሁሉ «ባለ ጥምጥሙ» ይላቸዋል እንጂ ራሳቸው ላይ አንዲት ክር ጠምጥመው አያውቁም። የሚጠመጥሙት ሞተር ነበር። የውኃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ ማራገቢያ፣ ምን አለፋችሁ፣ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ሲቃጠል ወደ እሳቸው ይመጣል። የጠቆረውን ሽቦ ከሆዱ ጎልጉለው ያወጡና አዲስ የመዳብ ሽቦ ዙር በዙር እየቆጠሩ ይመልሱለታል። ዙር ቢዘነጉ ሞተሩ ይግላል፤ ሽቦውን ቢጭሩት ይጨሳል። እኔ ያደግሁት ከእሳቸው ጋር ግድግዳ በሚጋራ ቤት ውስጥ ነው። ሠርተው የሰጡት ሞተር ተበላሽቶ ሲመለስባቸው ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

አንድ ልጅ ነበረቻቸው። «ቁጥሬ» ይሏታል። ስድስት ዓመቷ ላይ የተደፋ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ ዙሩን ጮክ ብላ ትቆጥርላቸው ነበር። ደንበኛ መጥቶ ቢያዋራቸው እንኳ ቁጥሩ አይጠፋም። ካደገች በኋላ ደግሞ ጆሮዋን ወደ ሞተሩ ጠጋ ታደርግና «አባዬ፣ ኩሽኔታው አልቋል» ትላለች። ሲፈቱት እውነትም ሞተሩ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቷል። ደንበኞች በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ይህ ሁሉ አንድ ቀን ተቋረጠ። ባለ ጥምጥሙ የአንድ ፋብሪካ ትልቅ ፓምፕ ሦስት ቀን ደክመው አስነሡ። ርክክብ ላይ አንድ ወረቀት መጣ፤ ግርጌው ላይ «ያረጋገጠው ባለሙያ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ብዕሩን ሲያነሡ ጸሐፊው እጃቸውን ያዛቸው።

«የትምህርት ደረጃዎ?»

«ስምንተኛ ክፍል።»

ጸሐፊው ይቅርታ እንደ መጠየቅ ብሎ ከጎረቤት ቢሮ አንድ ወጣት መሐንዲስ ጠራ። ልጁ ፓምፑን በዓይኑ አላየውም። ፈረመ፣ አመሰገናቸው፣ ወደ ሻዩ ተመለሰ። ባለ ጥምጥሙ ያን ቀን ቤት ሲገቡ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሚስታቸውን «ልጄ ራሷ ትፈርማለች እንጂ ሌላ ሰው አታስፈርምም!» አሏቸው። ከማግስቱ ጀምሮ ቁጥሬ ወርክሾፑን እንዳትረግጥ ተከለከለች።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ግን ክልከላውን ጣሰች። አባትየው ሽቦ ገዝተው ሲመለሱ የወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ማራገቢያ ስትሽከረከር ደረሱ። የተጣለች አሮጌ ማራገቢያ ናት።

«ማን ጠመጠማት?»

«እኔ።»

አጥፍተው ከፈቷት። «አየኋት» ይላሉ በኋላ ለእኔ ሲነግሩኝ፣ «እኔ በሃያ ዓመቴ እንዲህ አልጠመጥምም ነበር።» ነገር ግን ያን ጊዜ ይህን አላሏትም። ፒንሳ አንሥተው ሽቦውን ቆራረጡት። «ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላይሽ! መጽሐፍሽን ያዢ!»

ቁጥሬ አላለቀሰችም። ወለሉ ላይ የተበተነውን ሽቦ አንድ በአንድ ለቅማ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረችና ወጣች። አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ወርክሾፑ ተመልሳ አልመጣችም።

ኮሌጅ ገባች። የደረሳት ትምህርት ስታትስቲክስ ነው። አባቷ «ቁጥር ትወድ የለ፣ ይሁን» አሉ። የተመረቀች ዕለት የተዋሱት ኮት ትከሻቸው ላይ እየሰፋባቸው፣ ላገኙት ሰው ሁሉ እጅ እየጨበጡ «ልጄ ናት፣ ልጄ ናት» ሲሉ ዋሉ።

ከዚያማ ምን ይወራል። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የማስረጃ ክላሰሯን ይዛ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ትሄዳለች። ሁሉም «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። «ልምዱን እንደ ጉንፋን ከሰው ይዞ መምጣት ቢቻል ጥሩ ነበር» ትላለች፤ እናቷ ይስቃሉ፣ አባቷ አይስቁም።

አንድ ጠዋት አብረዋት ሄዱ። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ መጥቶ ጭራውን ሊረግጥ ምንም አልቀረው። ሁሉም ያንኑ ዓይነት ክላሰር ታቅፏል። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ባለ ጥምጥሙን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ጋሼ! እርስዎም ሊወዳደሩ ነው እንዴ?»

ሰልፉ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ዘበኛው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የውኃው ፓምፕ ከትናንት ጀምሮ ቆሟል። እግዜር ነው ያመጣዎት፣ ይግቡና አንድ ጊዜ ይዩልን።»

ባለ ጥምጥሙ ልጃቸውን አዩ። «ግባ አባዬ፣ እኔ የትም አልሄድም» አለቻቸው። ልጃቸው ከውጭ በቆመችበት በር እሳቸው ገቡ። የፓምፑ ችግር የላላ ሽቦ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የአስተዳደሩ ኃላፊ ሊያመሰግናቸው ሲመጣ፣ ለራሳቸው ለምነው የማያውቁት ሰውዬ ለመኑ።

«ልጄ ውጭ ተሰልፋለች። ዲግሪ አላት። ጎበዝ ናት።»

ኃላፊው መጥፎ ሰው አልነበረም። አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ለሁለት ቦታ ስድስት መቶ ሰው ነው የተመዘገበው። ሁሉም ዲግሪ አለው፣ ሁሉም ጎበዝ ነው። እንደ እርስዎ ሞተር የሚጠመጥም ሰው ቢሆን ዛሬውኑ እቀጥር ነበር፤ እሱ ነው የጠፋው።»

ሲወጡ ቁጥሬ አሥር እርምጃ ያህል ብቻ ተጠግታ ነበር። የሰሙትን አልነገሯትም። አጠገቧ ቆመው ፀሐዩን በጋዜጣ ሲከልሉላት እስከ ቀትር ቆዩ።

በዚያው ዓመት ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ትንሿ ጣት ብቻ ነበረች፤ እያደር መዳፉ ሁሉ አልታዘዝም አለ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቷቸው «ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያቆመውም» አላቸው። በሳምንቱ ለልጃቸው «ነይ እስቲ ወርክሾፕ፣ ላስተምርሽ» አሏት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ሄደች።

ቁጥሩማ አልጠፋባትም። ምን ያህል ውፍረት ያለው ሽቦ፣ ስንት ዙር፣ እሳቸው ከመናገራቸው በፊት ወረቀት ላይ አስልታ ትጨርሳለች። ችግሩ እጁ ላይ ነው።

«ምን ያህል ነው የምትስበው፣ አባዬ?»

«እስኪበቃው።»

«እንዴት አድርገህ ታውቃለህ?»

«ጣትሽ ይነግርሻል።»

«የእኔ ጣት እኮ ዝም አለኝ።»

«እንዲህ ነው፣ እዪ» ብለው ሽቦውን ይይዛሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሽቦው ይጣመማል ወይም ይበጠሳል። በአፍ ሊያስረዱ ይሞክሩና ግማሽ መንገድ ላይ ቃል ያጥራቸዋል። ደብተሯ ላይ «እስኪበቃው» የሚለውን ቃል ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

የጠመጠመችው የመጀመሪያ ሞተር ጨሰ። ሁለተኛው አንድ ሳምንት ሠርቶ ቆመ። ሦስተኛው የአንድ ባለ ወፍጮ ነበር፤ የሃያ ዓመት ደንበኛ ናቸው። ሲቃጠልባቸው አልተቆጡም፣ «ግድ የለም» ብለው ሄዱና ከገበያ አዲስ ገዙ። ሌላውም ሰው እንዲሁ አዲስ መግዛት ለመደ። ሁለት ሦስት ዓመት፣ አንድ ደህና እጅ ከአጠገቧ ቢኖር ኖሮ ትለምደው ነበር፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ከስድስት ወር በኋላ ወርክሾፑን ለቀቁ። አሁን ፀጉር ቤት ነው።

ቁጥሬ አዳዲስ ሞተር የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጠረች። ለደንበኛ የቱ እንደሚሆነው ትነግራለች፤ ዲግሪዋን የጠየቃት የለም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ የአባቷን ጥፍር ስትቆርጥላቸው አየኋት። የሚንቀጠቀጠውን እጅ በጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ይዛዋለች።

«ተቀይመሽኛል?» አሏት።

መቁረጧን ሳታቆም «ምን ብዬ ልመልስልህ አባዬ? አዎ ብል ታዝናለህ፤ የለም ብል አታምነኝም» አለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጣት አለፈች።

ባለፈው ወር ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መጣች። ሴት ልጇ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሳለች፤ ኮሌጅ ትግባ ወይስ ኤሌክትሪሺያን አጎቷ ዘንድ ሙያ ትልመድ ብላ እናትየው እንቅልፍ አጥታለች።

«ሁለቱንም ያዩ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። አንድ ነገር ይበሉኝ፤ ያሉኝን አደርጋለሁ።»

ባለ ጥምጥሙ ሚስታቸውን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። ሴትዮዋ ጠበቀች። ውኃ ቀረበላት፣ ጠጣች፣ አሁንም ጠበቀች። በመጨረሻ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

በሩ ላይ ስንገናኝ «ይገርማል» አለችኝ፣ እንዲሰሙት ያህል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሰው ምክር እንኳ ይሰስታል?»

ባለ ጥምጥሙ ሰምተዋል። ሊጠሯት ግራ እጃቸውን አነሡ፤ ምን እንደሚሏት ስላላወቁ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።