ያልዘነበው አራት ነጥብ ስድስት

የሰፈሩ ሰው ሚሊ ይላታል። ስሟ አይደለም፤ ከሚሊ ሜትር የወጣ ቅጽል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጓሮዋ ውስጥ የቆመውን የዝናብ መለኪያ ትከፍታለች፤ የተጠራቀመውን ውሃ በመስፈሪያ ብርጭቆ ትለካለች፤ መዝገቧ ላይ ጽፋ ለአየር ትንበያ ቢሮ ትደውላለች። ደሞዝ የለውም። በዓመት አንድ መዝገብና ሁለት እስክሪብቶ ይሰጧታል። እሷ ግን መዝገቡን የምታስቀምጠው ከልጆቿ ፎቶ አጠገብ ነው።

መለኪያው ያን ያህል የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። ከላይ አፈ ሰፊ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ጠርሙስ።

ክረምቱ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ አገኘች። አራት ነጥብ ስድስት። ዞር ብላ መሬቱን አየች፤ ደረቅ ነው። ግራ ገባት። ዱሮ ያሠለጠናት ሰውዬ ግን፣ «አንቺ የምታነቢው ጠርሙሱን ነው እንጂ መሬቱን አይደለም፤ ነፋስ መሬቱን ሲያደርቀው አንቺ ተኝተሻል» ብሏት ነበርና ደወለች።

«እማማ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለ የቢሮው ባለሙያ። «ሌሊት በእናንተ ላይ ደመና ሲያልፍ አይተናል። ይጣል አይጣል ነው ያላወቅነው።»

«ጠርሙሱ ያለው ይኼንን ነው።»

«እንግዲያው ትንበያው መቀየር አለበት።»

ስልኩ ከተዘጋ ጀምሮ እግሯ ቤት አልረጋ አላት። ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች፣ ተወችው። ወደ ጓሮ ወጣች፣ ተመለሰች። ድስቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረች። እሾህ ላይ የተቀመጠች ይመስል ከወንበሩ ብድግ ትላለች፣ ምን እንዳስነሳት ግን አታውቀውም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሬዲዮው ተናገረ። የመኸሩ መግቢያ በሜዳው ላይ ደረቅና ነፋሻ ይሆናል የተባለው ተሽሯል፤ ዝናቡ ተመልሶ መግባት ጀምሯል፤ የታጨደ ሰብል ያላችሁ ዛሬውኑ ሰብስቡ።

ወዲያው ባለጋሪው በበሩ ሲያልፍ ጮኸ፤ «ሚሊ፣ ኑሪልን! አንቺ ባትኖሪ ጉድ ሆነን ነበር እኮ! እህትሽም መከመር ጀምራለች!»

 የታናሽ እህቷ ስንዴ የታጨደው ትናንት ነው። ገና እርጥብ ነው፤ እርጥብ ነዶ ከተከመረ ደግሞ ውስጥ ውስጡን ይግላል፣ ይሻግታል። የዓመት እንጀራዋ ነው። ዝናብ የሚመጣ ከሆነ መከመሩ ይሻላል። የማይመጣ ከሆነ ግን በገዛ እጇ ማበስበሷ ነው።

የመስፈሪያ ብርጭቆውን አነሳችና በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ጠዋት ውሃው ንጹህ ነበር፤ ከእንስራ የተቀዳ ይመስል ነበር። ስምንት ቀን አቧራ ሲነፍስ ሰንብቶ! የመጀመሪያው ዝናብ ሁልጊዜ አቧራውን አጥቦ ነው የሚወርደው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ጭቃ ውሃ ነው የሚገኘው።

ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች። ጣቷን በቆርቆሮው አፍ ዙሪያ አዞረችው። ቅንጣት አቧራ የለም። ትናንት ያየችው የርግብ ኩስም የለም።

ባሏ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የዱሮ መቀሱን ይወለውላል። አርባ ዓመት ጸጉር አስተካካይ ነበር፤ የሰው ማጅራት ላይ አንዲት ጸጉር ትቶ አያውቅም።

«ሰውዬ፣ መለኪያዬን ነክተሃል?»

ፊቱ በራ። «አየሽልኝ? ርግቧ ስታበላሽብሽ አየኋት። ሐሙስ ተቆጣጣሪው ይመጣል ብለሽ አልነበር? እንዳታፍሪ ብዬ ማታ በአንድ ጣሳ ውሃ አለቅልቄ፣ በጨርቅ ወለወልኩልሽ።»

«ውሃውስ?»

«የቱ ውሃ?»

«ያለቀለቅክበት፤ ወደ ውስጥ የወረደው።»

መቀሱን የያዘው እጁ ቆመ። አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ቆርቆሮውን አየ። ልትጮህበት አፏን ከፍታ ነበር። የሚወለውልበትን ጨርቅ ጫፍ እንዳጠፋ ተማሪ ሲጠቀልለው አየችና ጩኸቷን ዋጠችው።

ምንም ባትናገር ማንም አያውቅባትም። በምዕራብ በኩል የደመና ጫፍ ብቅ ብሏል። ምናለ አሁን ወርዶ የጻፍኩትን እውነት ቢያደርግልኝ፣ ብላ ተመኘች፤ ምን እንደተመኘች ሲገባት ደነገጠች። ደወለች።

ባለሙያው የሆነውን ሁሉ ሰምቶ መለሰላት። «እማማ፣ እንግዲህ የፊተኛው ትንበያ ነው የሚጸናው። ግን የሚቀጥለው ማስታወቂያ ነገ ጠዋት ነው።»

«ነገ ጠዋትማ ነዶው ይበሰብሳል፣ ልጄ!» ብላ ነጠላዋን አነሳችና ወጣች።

ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ የእህቷ ክምር ከሩቅ ይታያል፤ እሷ በሄደች ቁጥር እሱ ያድጋል። ስትደርስ ታለከልክ ነበር።

«አፍርሱት!» አለች።

እህቷ ከክምሩ አናት ሆና ሳቀች። «ምነው? ከሬዲዮው ጋር ተጣላሽ?»

«አልዘነበም። የጻፍኩት ዝናብ አልዘነበም። ባሌ መለኪያውን አጥቦት ነው።»

ባለጋሪው ነዶውን ጣለና ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። «ድሮ ላም አለኝ በሰማይ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ዝናብ አለኝ በጠርሙስ! ያውም የጸጉር አስተካካይ ዝናብ! መላጨት ነው የቀረን!»

ሌሎቹም ሳቁ። እህቷ ግን ወረደችና ፊቷን አስጠግታ አየቻት። «ሃያ ሁለት ዓመት ልክ ነሽ ብዬ አምኜሻለሁ። ዛሬ ደግሞ ተሳስቻለሁ ስትይኝ ልመንሽ? ደመናውን አታይውም?»

«አየዋለሁ። እጅሽን ወደ ውስጥ ስደጂ።»

እህቷ ክንዷን እስከ ብብቷ ወደ ክምሩ ከተተች። ወዲያው አላወጣችውም። ስታወጣው ሳቋ የለም።

«ሞቋል» አለች። «ኑ፣ አፍርሱት።»

እስኪመሽ በተኑ። ሚሊም አብራ በተነች፤ በየነዶው ቀና እያለች ምዕራብን ታያለች። ሌሊት ነፋሱ ቆርቆሮውን ባንኳኳ ቁጥር ጠብታ እየመሰላት ነቃች።

ሮብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን አጥሩ ላይ ሰው ተደርድሯል። እህቷ ከፊት ናት። ባሏ ሁለት እጁን ከኋላው አጣምሮ ራቅ ብሎ ቆሟል።

ጠርሙሱን አወጣችና ዘቀዘቀችው። አንድ የሞተ ዝንብ ወደቀ። ሌላ ምንም የለም።

«በርትቶ ነፍሶበታል፤ ደርቆልኛል» አለች እህቷ ቀስ ብላ። «ከሥር የነበረው ግን ትንሽ ሸትቷል።»

«አውቃለሁ» አለች ሚሊ።

መዝገቧን ከፈተች። መፋቅ ክልክል ነው፤ የተሳሳተ ይሰረዛል፣ ይፈረማል። በአራት ነጥብ ስድስት ላይ አንድ መስመር አሰመረች፤ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ናት። ፈረመችበት። ከሥሩ ዜሮ ጻፈች።

«ያቺን ዝንብ ላንሳልሽ?» አለ ባሏ።

«እጅህን እዚያው ተዋት!» አለችው፤ ግን አጠገቧ እንዲቆም ቦታ ለቀቀችለት። ከዚያ ሁለቱም ምዕራብን ማየት ጀመሩ።