አጎቴ ያጠቡት አፈር

አጎቴ ካረፉ ሳምንት ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት የባልዲያቸው ድምፅ አይቀሰቅሰኝም።

ቦሌ ባለው ግቢያችን የበግ ቆዳ በጨው እያሹ፣ እያደረቁ ይሸጡ ነበር። ከቆዳው የሚንጠባጠበውን ውሃ ግን ቦይ ውስጥ አይደፉትም። ምንም ወደማይበቅልበት የድንጋይ ካባ ተሸክመው ይወስዱት ነበር።

«ጨው ይሟሟል እንጂ አይጠፋም፤ ውሃው በሄደበት ሁሉ ይሄዳል» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌ ስብሰባ ሲረፍድብኝ ባልዲውን ቦይ ውስጥ ደፋሁት። ከታች ያለው የጎረቤታችን የእትዬ ዘሃራ ጎመን በሳምንቱ ዳር ዳሩ ተቃጠለ።

«ጋሼ፣ ጎመኔንም እንደ ቆዳ አሹት እንዴ?» ብለው ጮኹ እትዬ ዘሃራ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ አጎቴ።

ማን እንደደፋው አልጠየቁኝም። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ በየማለዳው ከቦኖ ንጹህ ውሃ እየቀዱ፣ ጨው የያዘውን አፈር አጠቡ። እኔ በመስኮት እያየሁ ዝም አልኩ። ከዚያም ዓመታት ዝም አልኩ።

ትናንት ለቅሶው ላይ እትዬ ዘሃራ አጠገብ ተቀምጬ፣ «ያን ጊዜ የደፋሁት እኔ ነበርኩ» አልኳቸው።

እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አውቃለሁ፤ አጎትህ ነግረውኛል። ‹ራሱ መጥቶ እስኪነግረኝ ነው የምጠብቀው› ይሉኝ ነበር።»